የሐጂ ስሩር የሰርግ በሬ

ከወልቂጤ የተነሳሁት በላንድሮቨር ነው። በጃንሆይ ዘመን የጤና ጥበቃ ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነበርኩና፣ ቡታጅራ ሄጄ የከብት ማረጃውን እንድመረምር ታዝዤ ነው። የክረምቱ ጭቃ ስላልደረቀ መኪናው ከእምድብር አላለፈም። በቅሎ ተከራይቼ በቸሃ የእንሰት ጓሮዎች መካከል ሽቅብ ወጣሁ። ተራራው ላይ ያሳደሩኝ ገበሬ ትኩስ ቆጮ በአይብ አበሉኝ፤ ገንዘብ ብሰጣቸው ተቆጡ።

በማግስቱ ቁልቁል ስወርድ የመስቃን ሜዳ በተሰጣ በርበሬ ቀልቶ ታየኝ። በቅሎዋ ሳትቀር አስነጠሳት።

ቡታጅራ

ማረጃው ስደርስ ሐጂ ስሩር የሚባሉ ገበሬ ለሴት ልጃቸው ሰርግ ያደለቡትን በሬ አሳርደዋል። ምላሱንና ወርቹን በቢላዋ ሰንጥቄ አየሁ። ገብስ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ሞልተውበታል።

«ሐጂ፣ ይሄ የኮሶ ትል ዘር ነው። ሥጋው መቀበር አለበት።»

«ያ አላህ! ሐኪም፣ ሰርጉ እኮ ነገ ነው! አገሩን ሁሉ ጠርቻለሁ!»

ሰዎች ከበቡኝ። «ዝም ብለህ ማኅተሙን ምታ!» አለ አንዱ። ፈራሁ፤ ግን ይህ ሥጋ ክትፎ ሆኖ በጥሬው ሊበላ ነው።

«እንግዶችዎን በሽታ ላጉርስልዎ?» አልኳቸው።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ፍሬዎቹን አዩና ዶማ እንዲመጣ አዘዙ። ያኔ እህታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ደረሱ።

«ምን ሆናችሁ? የሚያገባው በሬው ነው እንዴ? ሙሽራዋ እንደሆነች ደህና ናት!» ብለው ሳቁና ወደ ጎረቤት ሮጡ።

እኛ ጉድጓድ ቆፍረን ሥጋውን ስንቀብር፣ አንድ ጎረቤታቸው ወይፈን እየጎተተ መጣ። «ለአረፋ ያሰብኩት ነበር፤ ልጅቷ ትቅደም» አለ።

ሲነጋ ታረደ። ምላሱን፣ ልቡን፣ ወርቹን ስሰነጥቅ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም።

«ንጹሕ ነው!»

ወይዘሮ ዘይነባ እልልታውን አቀለጡት። ሐጂ አቅፈው ሳሙኝ።

ሰርጉ ላይ ክትፎው በየጣባው ቀረበ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ለብቻዬ ጎመንና አይብ ተሰርቶልኛል። ሐጂ «ሥጋችንን መርምረህ ሳትቀምሰው!» እያሉ እስኪያለቅሱ ሳቁ። በጉራጌኛው ጭፈራ ስዘል ዋልኩ።

ወልቂጤ እያነከስኩ ገባሁ። ባለቤቴ «በቅሎዋ ጣለችህ?» አለችኝ፤ «የለም፣ ሰርግ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሥጋ ሳስቀብር፣ ጉድጓዱ ስለተደፈነ ብቻ ተነስቼ አልሄድም። «ታዲያ ይህ ቤት ነገ ምን ሊበላ ነው?» ብዬ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ። ከጎረቤት አንድ ሰው ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም።