ሰሊጡ ከታች፣ ጥጡ ከላይ

ልጄ ብርቄ በታኅሣሥ አጋማሽ ከኮኪት ሰሊጥና ጥጥ ልትጭን ስትነሣ አብሬያት ከጎንደር ወጣሁ። «ቆላውን ካየሁት ቆየሁ» አልኋት። እውነቱ ግን፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝና አነዳዷን በዓይኔ ካላየሁ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ነው።

ሸሕዲ አደርን። ጧት መናኸሪያው አጠገብ ፉል በላን፤ የቀዝቃዛ ውሃው ዋጋ ከፉሉ ብዙም አያንስም። ቆላው «ሳሉግ» የሚላቸው ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ቀጣሪ ይጠብቃሉ።

ኮኪት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት

ፀሐዩ ገና በጧቱ ይፋጃል። የጫኞቹ አለቃ፣ ጎጃሜ ጎልማሳ፣ ጥጡን ከታች ሊያደርግ ተነሣ።

«ሰሊጡ ጎንደር ይራገፋል፤ ጥጡ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ቀድሞ የሚወርደው ከላይ ይሁን» አለ።

«አይሆንም» አለች ብርቄ። «ከባዱ ከላይ ከሆነ መኪናው ኩርባ ላይ ይንጋደዳል።»

«ጎንደር ላይ ጥጡን አውርዶ መልሶ መጫን ሊሆን ነው እኮ! አባቴ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ።»

«እውነቱን ነው ብርቄ» አልኋት። «በዝግታ ከነዳሽ ምን ይሆናል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

በሰው ፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። አኩርፌ ጋቢና ገባሁ። ሰሊጡ ከታች ተደለደለ፤ ጥጡን ከላይ ከምረው በገመድ ጠፈሩት።

ከነጋዴ ባሕር ወዲህ፣ ቀትር

መንገዱ ወደ አንድ ድልድይ በኩርባ ይወርዳል። ብርቄ ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ቀነሰች። «እንዲህ ካዘገምሽ መቼ ልንደርስ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ፣ እጥፋቱ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ልጅ ያዘለች ሴት ከጎኑ ወጥታ ዳር ዳሩን ትሄዳለች።

«ዙሪ!» ብዬ ጮህሁ።

መሪውን በድንገት አልጠመዘዘችውም። ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ወሰደችው። መኪናው ወደ እኔ አዘነበለ፤ ገመዱ ሲጢጥ አለ፤ ትከሻዬ ከበሩ ተጣበቀ። ከዚያ ቀና አለ። ሴትዮዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችንም።

ድልድዩን እንደተሻገርን ገመዱን ልታይ ወረደች። እኔም ተከትዬያት ወረድሁ።

«ብርቄ፣ ያኔ ሽንፋ መንገድ የተገለበጥሁት ግመል ገብቶብኝ ነው እያልሁ ኖሬያለሁ። ግመል አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ከባዱን ከላይ ጭኜ ኩርባውን በፍጥነት ገባሁ። ሌላ ምንም የለም።»

ገመዱን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «ረዳትዎ እግሩ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በሉ፣ ይችን ጫፍ ይያዙልኝ» አለችና ገመዱን አቀበለችኝ። ሁለታችን ስበን አጠበቅነው።

ጎንደር

የአይከልን ዳገት ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ደረቴም ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ልጽፍ አልችልም፤ «አባባ፣ አዘዞ ደረስን» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ጥጡን አውርደን፣ ሰሊጡን አራግፈን፣ ጥጡን መልሰን ስንጭን እኔም ከጫኞቹ ጋር ተሸከምሁ። ድካሙ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እኔ ይህን ሁለት ሰዓት ለማትረፍ ብዬ የሰው እግር አሰብሬያለሁ።

ማታ ቤት ስንገባ ባለቤቴ «እሺ፣ አነዳዷ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እንጃ፣ እኔ ተኝቼ ነው የመጣሁት» አልኋት።

ሌላ ሰው መሪ ይዞ ተኝቼ እንደማላውቅ ታውቃለች። ሳቀችና ራት ልታቀርብ ተነሣች።