የመጋዘኑን በር ማን ዘጋው

የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ የተሾምኩት አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰዋስው እያስተማርኩ ሳለሁ ነው። ናዝሬት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወህኒ ቤት «የሥነ ልቦና ባለሙያ ይላክልን» ብሎ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጽፎ ኖሯል። በዚያ ዘመን «የለንም» ብሎ መመለስ አብዮቱን እንደማማት ይቆጠር ነበርና፣ ጽሕፈት ቤቱ የመምህራንን ፋይል ሲያገላብጥ ከርሞ ኮሌጅ ሳለሁ ሁለት የሥነ ልቦና ኮርስ መውሰዴን አገኘ። አንደኛው ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ነው። ሁለተኛውን ያለፍኩት በጭንቅ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን እያቀበሉኝ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ እናት አገር ጠራችሽ» አሉኝ።

እናት አገር ስትጠራ ጋሪ አትልክም። በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ በዚያ አቧራና ንፋስ በእግሬ እሄድ ጀመር።

ሥራዬ አመክሮ የሚጠይቁ እስረኞችን አነጋግሮ «ታርሟል» ወይም «አልታረመም» ብሎ ለኮሚቴው ማቅረብ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ሰብሳቢው፣ ካድሬውና ጤና ረዳቱ። አራተኛ እኔ ተጨመርኩ። የመጀመሪያውን ፋይል ሲሰጡኝ ሰብሳቢው፣ «ይሄ ቀላል ነው፤ ያለቀለት ጉዳይ ነው። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ» አሉ።

ፋይሉን ከፈትኩት። መቂ ላይ የሽንኩርት ደላላ የነበረ ሰው ነው። ሽንኩርት ለመልቀም መጋዘኑ የመጣች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደፍሮ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል፤ አምስቱን ጨርሷል። ለመሆኑ ምን ሕክምና ተደረገለት ብዬ ጠየቅሁ። ጤና ረዳቱ ደረቱን ነፋ አደረገና፣ «የቆላ ሙቀት ነው፣ ደም ያፈላል። በርበሬ ከልክለነዋል። ማለዳ ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። አሁን ደህና ነው» አለኝ። በዚህ ሳይንስ ከሄድን ከናዝሬት እስከ ዝዋይ ድረስ በርበሬ የሚበላ ወንድ ሁሉ መታሰር ነበረበት።

እኔም ብሆን ከሱ አልሻልም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁት የሥነ ልቦና መጽሐፍ ስለ ውሻ ምራቅ የሚያወራ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ውሻ ብዙ ተማርኩ።

እስረኞቹን የማነጋግረው እነሱ ፊደል በሚቆጥሩበት ክፍል ነው። በሩ ላይ አንድ አርጅተው ጡረታ የደረሱ ሃምሳ አለቃ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሰውየው ገባ፤ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ። የእስረኞች የውይይት ክበብ ሊቀ መንበር ነው።

«የታሰሩት በምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱን ደግሞ አንቱ ትይዋለሽ፣ ልጄ?» አሉ ሃምሳ አለቃው ከበሩ ላይ።

ሰውየው ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «በአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ አስተሳሰብ ነው፣ ጓድ መምህርት» አለኝ።

«ክሱ ላይ እንደዚያ አይልም።»

«ሴትን እንደ ዕቃ የሚያይ የፊውዳል አመለካከት ተጠናውቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ነቅቻለሁ።»

«ያ አመለካከት መጋዘኑ ውስጥ አብሮህ ነበር?»

ያላጠናው ጥያቄ እንደመጣበት ተማሪ ዓይኑን አንከራተተ። ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ተረከልኝ። «ነገሩ ተፈጠረ። በሩ ተዘጋ። ስህተት ተፈጸመ። በኋላ ጉዳዩ ለእናቱ ተናገረ።» ጉዳዩ የሚለው ልጅቷን ነው። እኔ ስለ ሰው ልብ የማውቀው ጥቂት ቢሆንም ግስ አውቃለሁ። የዚህ ሰው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ባለቤት አልነበራቸውም። ነገር ይፈጠራል፣ በር ይዘጋል፣ ስህተት ይፈጸማል፤ እሱ የለበትም።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«ተዘጋ።»

«ማን ዘጋው? ንፋስ?»

«መቂ ንፋስ አለ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ሃምሳ አለቃው በሳል አሳበው ወደ ውጭ ዞሩ።

ቅጹ ላይ «ስለ ወንጀሉ ያለው አመለካከት» ለሚለው የተሰጠው ቦታ ጣት የምታህል አንድ መስመር ነበረች። «ገና አልጀመረም» ብዬ ጻፍኩባት።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ካድሬው ቅጹን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ጓድ፣ ይህ ሰው የውይይት ጽሑፎቻችንን በቃሉ ያውቃል። ሠላሳ እስረኛ ፊደል አስቆጥሯል። መዘምራኑንም የሚመራው እሱ ነው። ምን ጎደለው?» አለ።

«ያደረገውን ያደረገው እሱ መሆኑ ነው የጎደለው።»

«ይሄ ንዑስ ከበርቴያዊ አመለካከት ነው።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። ሰው ያሳስር ነበር። ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ ብለው፣ «ስጋት አይግባሽ፤ ሲወጣም ሥራ ፈት አይሆንም። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ እጥረት ስላለ አንድ ቀበሌ እንመድበዋለን» አሉኝ። የቀበሌ መሠረተ ትምህርት ላይ የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ የቤት ሠራተኞችና ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው።

ቀጥሎ ያልኩትን ከጀግንነት አላልኩትም። ከንዴት ነው። «እንግዲያው ለእርስዎ ቀበሌ ይመደብ፣ ጓድ ሰብሳቢ። ትንሿ ልጅዎ ተማሪዬ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ላይ ፊደል እንደምታስቆጥር ነግራኛለች። እሷ ታግዘዋለች።»

ጤና ረዳቱ ቀና ብሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ መቁጠር ያዘ። ሰብሳቢው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። እስኪ እዩት፤ አምስት ዓመት ሙሉ በትምህርትና በቀዝቃዛ ውሃ ከሰውየው የተነቀለው የፊውዳል አመለካከት፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ገባበት።

«ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» አሉ በመጨረሻ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ወሰነ» ተብሎ ተጻፈ። ካድሬው ከሁላችን ቀድሞ ፈረመ።

ሰውየው ይህን ሲሰማ አኮረፈ። ሦስት ሐሙስ መጥቶ ግድግዳ እያየ ተመለሰ። አራተኛው ሐሙስ ላይ ሃምሳ አለቃው ከመግባቴ በፊት አስቆሙኝ። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ»፣ እንዴት ነሽ፣ ብለው ነው ወሬ የሚጀምሩት።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ። አንቺ ስለ ኃጢአቱ ነው የምትጠይቂው። ሌባ ስለ ሌብነቱ ይዋሻል፤ ስለ ዕቃው ግን አይዋሽም። ስለ መጋዘኑ ጠይቂው።»

ከኮሌጅ ሁለት ኮርሶች ይልቅ ይቺ ረዳችኝ። ስለ መጋዘኑ ጠየቅሁት። ደላላ ስለ ሽንኩርት ተጠይቆ ዝም ሊል አይችልም። የቱ ሽንኩርት ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና በየትኛው በኩል ተጠግቶ እንደሚጫን፣ ሁሉን ነገረኝ። ሳምንታት ሄዱ። አንድ ቀን ወረቀት ሰጥቼ መጋዘኑን ሣልልኝ አልኩት። ጆንያዎቹን ሣለ፣ ሚዛኑን ሣለ፣ በሩን ሣለ።

«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

«በውስጥ።»

«ልጅቷ የት ነበረች?»

ጣቱን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠ። ከበሩ የራቀ ጥግ ነው። ጣቱ እዚያው ቀረ።

«ንፋሱ በውስጥ በኩል ቀረቀረው?»

ግቢው ውስጥ የሚዘምሩት እስረኞች አንዱን መዝሙር ጨርሰው ሌላ ጀመሩ።

«ቀረቀርኩት» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን እያየ፣ «‹ጋሼ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች› አለችኝ» አለ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ወጥቼ ከግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ፤ ሃምሳ አለቃው ምንም ሳይጠይቁኝ ውሃ አፈሰሱልኝና ፊቴን ታጠብኩ። ፋይሉን አንብቤዋለሁ፣ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ከሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተላጭቶ፣ ፈገግ ብሎ መጣ። «እንግዲህ ተናዘዝኩ። አሁን ትፈርሚልኛለሽ?» አለኝ። ለካ በቃሉ የሚያጠናውን ነው የቀየረው። ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ስለሱ ሳስብ ከርሜ ነበር፤ እሱ ስለ ፊርማዬ ሲያስብ ከርሟል።

«አልፈርምም።»

«ታዲያ ለምን አናገርሽኝ?»

«ስትወጣ የት ነው የምትሄደው?»

«መቂ ነዋ። ቤቴ እኮ ነው።»

«እሷም ቤቷ ነው።»

ይህን አስቦት እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደንብ አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሐሙሶች የጨረስናቸው በዚሁ ነው፦ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ልጆች ከሚሠሩበት ቦታ እንዴት እንደሚርቅ፣ ራሱን ማታለል ሲጀምር በምን እንደሚያውቀው። አንዳንዴ ከልቡ ይናገር ነበር። አንዳንዴ ይደልል ነበር። ሁለቱን መለየት የቻልኩት ሁልጊዜ አይደለም። ፍርዱን እስከ መጨረሻው ቀን ጨረሰ፤ ሻሸመኔ ወንድሙ ዘንድ እሄዳለሁ አለ።

ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው አውቶቡስ ተሳፍሬ መቂ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ቅጹም ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። እናትየዋን ገበያው ዳር ቲማቲም ሣጥን ውስጥ ስትደረድር አገኘኋት። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት እጇን ሳታቆም፣ «ዘመዶቹ ሁለቴ ሽማግሌ ልከው ‹ያግባትና ይታረቁ› አሉኝ። አሁን ደግሞ ሴት ላኩ?» አለችኝ።

«ለእርቅ አይደለም። የሚፈታበትን ቀን ልነግርዎ ነው። ሻሸመኔ እሄዳለሁ ብሏል። ዋስ ልሆንለት ግን አልችልም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ቀኑን አውቃለሁ።»

ቀኑን አስደገመችኝ። ከዚያ ከሣጥኖቹ ኋላ ወዳለው ሰው ተጣራች። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት፣ ረዘም ያለች ልጅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። እናትየዋ ሳታለሳልስ፣ እኔው ፊት ነገረቻት። ዓይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ቲማቲሙን አየሁ።

«በስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?» አለችኝ ልጅቷ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ሻሸመኔ ሲሄድ በዚህ ነው የሚያልፈው። እንግዲያው ያን ቀን ጠዋት ገበያ አልወጣም» አለች ለእናቷ። «ከሰዓት እወጣለሁ። ሣጥኑን የሚጭነው መኪና ከመምጣቱ በፊት እደርሳለሁ።» ሰላምታ ሰጥታኝ ወደ ሣጥኖቿ ተመለሰች።