በስለት ልስን የተሸፈነው ቅስት

ባለፈው ዓመት መስከረም ፲፱ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን በትክክል የያዝሁት ንግግር የማደርግበትን ተራ እየጠበቅሁ ሰዓቴን እመለከት ስለነበር ነው። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ አሮጌ ግንብ አጠገብ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልሁም።

ነዋሪነቴ ደሴ ነው። በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የሕንፃ ጥበብ ሲሆን፣ ከጡረታ ወዲህ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን አሠራር አጠናለሁ። በዚያ ዕለት ከኩታበር ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ደብር፣ በበዓሏ ቀን ስለ ሕንፃዋ ታሪክ እንድናገር ተጠርቼ ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ የደብሯ ተወላጆች በስለት ሲሚንቶ ልከው፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራው ግንብ ክረምት ሳይገባ ተለስኗል።

ስደርስ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። በጭቃ የተሠራ ግንብ የጠጣውን ውሃ መልሶ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ክረምቱን ሙሉ ከጣሪያው ሥር የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ፣ የምዕራቡ ግንብ ሆድ አውጥቷል። ከሥሩ ሴቶች በጥላው ተቀምጠው ስብከት ያዳምጣሉ።

ልስኑን ያሠራውን የደብሯን ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ አቶ ጌታነህን ወደ ጎን ጠርቼ፣ «ግንቡ ሊወድቅ ነው፤ ሰዉን ከዚህ አስነሡ» አልሁት።

«ጋሼ፣ የልጆቹን ስለት አያራክሱብኝ። ስለት ግንብ አይጥልም።»

ራሴ ሄጄ ሴቶቹን ለመንሁ። እትዬ ዘነበች የተባሉ አሮጊት ቀና ብለው ተመለከቱኝ። «እርስዎ ሳይወለዱ የቆመ ግንብ፣ ዛሬ እርስዎን አይቶ ሊወድቅ ነው?» አሉኝ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አፍሬ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። ማፈር አልነበረብኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከበሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። ከቀትር በኋላ ይጠበቁ የነበሩት ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ሼህ ይማምን አስቀድመው፣ ለበዓሉ ሰንጋ እየነዱ መጡ። በዚያ አገር እንግዳን ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ እትዬ ዘነበችም እልል እያሉ ወደ በሩ ሄዱ።

የመጨረሻዋ ሴት እንደራቀች ግንቡ ወረደ። እንደ ነጎድጓድ አልነበረም፤ ከባድ ጆንያ ከጫንቃ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር። አቧራው ሁላችንንም ዋጠን።

«ያ አላህ! ሰው አለ ከሥሩ?» ሲሉ ሼህ ይማም ጮኹ።

ማንም አልነበረም። እትዬ ዘነበች ግን የተቀመጡበትን ቦታ እያዩ፣ «ከዘራዬ... ከዘራዬ እኮ እዚያው ነው» ይሉ ነበር። አቶ ጌታነህ መሬት ላይ ተቀምጦ አፈር ይዞ ቀረ።

አቧራው ሲገለጥ ሁለተኛ ድንጋጤ ያዘኝ። የወደቀው የውጭው ገጽ ብቻ ነበር። ከበስተጀርባው ሌላ፣ የጥንት ግንብ ቆሟል፤ በመካከሉም ጫፉ የሾለ፣ በድንጋይ የተደፈነ የበር ቅስት አለ። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ቅስት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሁለቱን ግንቦች የሚያያይዝ አንድም ማሰሪያ ድንጋይ አልነበረም።

እኔ በዕውቀቴ ያላስነሣኋቸውን ሴቶች ያስነሣቸው የእንግዳ አቀባበል ደንብ ነው።

ቅስቱን ማን እንደሠራው፣ ማንስ እንደደፈነው እስካሁን አልታወቀም። ኮሚቴው ግንቡን በምን እንደሚጠግን አልወሰነም፤ ከኮምቦልቻ ግን ዳግመኛ ሲሚንቶ መጥቷል።