የይርጋ መርዶ

ትእዛዙ የደረሰን ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። «ቡሬን አልፋችሁ ዓባይ ውረዱ። ሠራዊቱ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪያልቅ ከድልድዩ በታች ያለውን ዳር ያዙ።» ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እኛ በምን እንደምንሻገር የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ዛሬ ቡሬ ላይ በቆሎና ጤፍ የምነግድ ሰው ነኝ። ወጣቶቹ ወታደር እንደነበርሁ ሲሰሙ «ስንት ሰው ገደሉ?» ይሉኛል። የሚሹት የጀግንነት ወሬ ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። እኔ የማውቀው ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዓባይ ዳር የተደረገ ውጊያ ነው። ስም እንኳ አልወጣለትም። እንደ እሱ ያሉ ስንቶቹ ወንዝ ለወንዝ እንደቀሩ ማን ያውቃል!

የመንግሥት ወታደሮች ነበርን፤ ወደ ወለጋ እየሸሸን ነው። ከኋላችን አማፂዎቹ አሉ። እነሱም የገበሬ ልጆች ነበሩ። ከመቶው ጦራችን የቀረነው አሥር ሰው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ጭኖን እስከ ገደሉ አፋፍ ያደረሰን አንድ ሾፌር ተጨምሮ አሥራ አንድ ሆንን። ከጎጃም እኔና ይርጋ ነበርን። ይርጋ ከጅጋ ወጣ ያለ ገጠር የተወለደ፣ ነገር የማያልቅበት ልጅ ነው። ገደሉን ጨርሰን ዓባይን ፊት ለፊት ስናየው ቆም አለና «እኔ እኮ የማውቀው ውሃ እስከ ጉልበት ነው» አለ። ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው ያችን ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዳሩን ያዝን። ድንጋይ ቆልለን መከታ ሠራን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከገደሉ አናት መትረየስ ተከፈተብን። ሞርታር ተከተለ። እኛም ተኮስን። ጥይታችን ቶሎ ተመናመነ። በሬዲዮ ተጣራን፤ የሚመልስ አጣን። አሥር ሰዓት ሲሆን ከድልድዩ በኩልም ይተኮስብን ጀመር። ድልድዩ ተይዟል ማለት ነው። የተሻገረው ተሻግሯል፤ የቀረነው እኛ ነን።

የመቶ መሪያችን መቶ አለቃ ደረጀ ዝምተኛ ሰው ነበር። «የቻለ ይዋኝ» አለ።

«ያልቻለስ?» አለው ይርጋ።

መቶ አለቃው የወገቡን ቀበቶ ፈትቶ አቀበለው።

እኔ ፈጣም ወንዝ ዳር ስላደግሁ ዋና አውቃለሁ። ከእኔ ሌላ የሚዋኙት ሁለት ናቸው። የወገብ ቀበቶና የጠመንጃ ማንገቻ አንድ ላይ ቋጥረን ገመድ አደረግነው። ወንዙ በዚያ በኩል ቋጥኝ ለቋጥኝ ጠብቦ ይፈጥናል። ሌላውን ጫፍ ጓዶቼ እንደያዙ አንዱን ይዤ ወደ ማዶ ዋኘሁ። ከድንጋይ ጀርባ ሆኜ ክንዴ ላይ ጠመጠምሁት። የመጀመሪያው ገመዱን ይዞ ተሻገረ። ሁለቱ ዋናተኞች ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ሞርታር መከታው ላይ ወደቀ። መቶ አለቃ ደረጀ እዚያው ቀረ። የተረፉት ተራ መጠበቅ ትተው አንድ ላይ ገቡ።

«መሣሪያችሁን ጣሉ!» እያልሁ ጮህሁ። የጣለ የለም። መሣሪያ የጣለ ይረሸናል ተብለን ነው የሰለጠንነው። ለገበሬ ልጅ ደግሞ ጠመንጃ ጥሎ መሸሽ ሚስት ጥሎ ከመሸሽ አይሻልም። ጥይት የሌለው ብረት በአንድ እጃቸው እንደጨበጡ፣ ጫማቸውን እንዳሰሩ ገቡ። ውሃው ያዛቸው። ጥይት ከላይ ይወርዳል። ይርጋ ከሁሉም ቀድሞ መሀል ደርሶ ነበር። ገመዱ ሲከብድ ተሰማኝ፤ ወዲያው ቀለለ። አንዱ ዘለበት ተበጥሷል።

«ያዘኝ!» አለ ይርጋ።

እጄ ላይ የቀረው ቀበቶ ነው። ውሃው አዙሮ አዙሮ ከቋጥኙ ጀርባ ወሰደው። ዘልዬ ልገባ ስል ጓዶቼ ወገቤን ይዘው ጎተቱኝ። በዳሩ ተከትለን ወረድን፣ ተጣራን። ማንንም አላገኘንም።

ጦርነቱ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ሰው ሁሉ ወደ ቀየው ገባ። እኔም ቡሬ ገባሁ፤ ጅጋ ግን አልሄድሁም። ምን ብዬ እሄዳለሁ? ሲሞት አላየሁት፣ ሲተርፍ አላየሁት። በአገራችን ደግሞ መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። የሚያረዳው ሰው እርግጡን ይዞ፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት አስከትሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል። በቁሙ ላለ ሰው ማስለቀስ ነውር ነው።

አምና እህቱ ደብሬ ሱቄ ድረስ መጣች። ከአንድ የቀድሞ ወታደር ስሜን ሰምታ ኖሯል።

«እምየ ደክማለች» አለችኝ። «ሞተ የሚላት ሰው ስላጣች ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀሰችለትም። ፍትሐትም አልተፈታለትም። ሳታለቅስለት ልትሞት ነው።»

«እኔ እኮ ሲሞት አላየሁትም እህቴ።»

«ሲወጣስ አይተውታል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ያላዩትን አይንገሯት። ያዩትን ይንገሯት።»

በዚያው ቀን አብሬያት ወደ ጅጋ ሄድሁ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከሽማግሌዎቹና ከነፍስ አባታቸው ጋር ደጃቸው ደረስን። እናቱን እማማ አንጓች ይሏቸዋል። እሳት ሊጭሩ ተነስተው ነበር። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ወንድ ነጠላ አዘቅዝቆ ደጅ ቆሞ ሲያዩ ማገዶው ከእጃቸው ወደቀ።

«የይርጋ ነው?» አሉ።

አንዱ ሽማግሌ በክንዳቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም ያየሁትን ነገርኋቸው። ወንዙን፣ ገመዱን፣ ቋጥኙን። ጦር ሜዳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ጠርቶህ ነበር?» አሉኝ።

«ጠርቶኛል።»

«ምን አለህ?»

«ያዘኝ አለኝ።»

«አልደረስህለትም።»

«አልደረስሁለትም እምየ።»

ቁጣ ፊታቸው ላይ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ደብሬ ከሣጥን የይርጋን ኩታ አውጥታ ሰጠቻቸው። ኩታውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙና እሪ አሉ። መንደሩ ተሰበሰበ። ያን ሁሉ ዘመን የተጠራቀመ ለቅሶ ነው፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ፀሐይ ወጥታ ለቅሶው ጋብ ሲል አስጠሩኝ።

«ከልጄ ጋር ሌሎችም ቀሩ አላልህም?»

«ብዬአለሁ።»

«እናቶቻቸው ሰምተዋል?»

«አላውቅም እምየ። አገራቸው ሩቅ ነው። የአንዱ ሐረር፣ የአንዱ ሲዳሞ፣ የሌሎቹም እንዲሁ። ቀበሌያቸውን አላውቀውም።»

«ስማቸውን ንገረኝ እንግዲያ። እዚሁ ይለቀስላቸው።»

ነገርኋቸው። ደረጀን አሉና አለቀሱ። ጫላን አሉ። ሙሳን፣ በየነን፣ ላጲሶን። የሌላ ሰው ልጅ በጅጋ ገጠር፣ በማያውቀው ደጅ ሲለቀስለት አየሁ። ለቀስተኛውም እንደ ዘመዱ ሁሉ ደረቱን ይመታል።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«አንድ ይቀራል» አልሁ። ወደ ዓባይ ስንወርድ መንገድ ላይ የተቀላቀለን ጎልማሳ ነው፤ ጦሩ የተበተነበት የጭነት መኪና ሾፌር። ከእኛ ጋር ድንጋይ ቆለለ፣ ከእኛ ጋር ተኮሰ፣ ውሃው ውስጥ ከይርጋ ቀጥሎ ገባ። ሁላችንም «ሾፌሩ» ነበር የምንለው።

«ስሙን አላውቀውም እምየ።»

ኩታውን ዝቅ አደረጉት።

«እሱንስ ማን ብዬ ልጥራው?» አሉኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ።

«ወየው» አሉ እማማ አንጓች፤ «የእሱ እናት ዛሬም ደጅ ደጁን እያየች ነው።»

ዓባይ ዳር ሰባት ሰው ቀረ። እኔ መርዶ ያደረስሁት ለአንድ ቤት ነው።