ሳያዩ የማይጽፉበት ደብተር

ፀዳ ውስጥ የትነበርሽ ባሏን ጠርሙስ ውስጥ ከታዋለች ይባላል። ሰውየው እናቱን ሊጠይቅ ወደ ዛሪማ ሄዶ ቀረ የሚባለው ሽፋን ነው አሉ፤ የሆነ ነገር አጠጥታ አሳነሰችው፣ ከዚያ በዘይት ጠርሙስ አስገብታ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ታሳያቸዋለች። ወሬው ከፀዳ አዘዞ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። አዘዞ ሲደርስ ባልየው ከጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ውኃ ይለምን ጀምሮ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እንቁላል ነው፤ የተቀቀለ፣ የተላጠ እንቁላል። ያየችው ደግሞ አጥር የምትጋራት ብርቱካን ናት። ወንፊት ልትዋስ ገብታ ከጠርሙሱ አፍ የሚበልጥ ነጭ ነገር ሳይሰበር ሳይፈርስ ውስጥ ተቀምጦ ስታይ ወንፊቱን ረስታው ወጣች። ስለ ብርቱካን እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያወራችው ስለ ባል አልነበረም። እሷን ያስደነገጣት በሁዳዴ እንቁላል ማየቷ ነው። ባሉን የጨመረበት ሁለተኛው ሰሚ ነው፤ ውኃውን ደግሞ ሦስተኛው።

እንቁላሉ እንዴት እንደገባ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። ቁራጭ ወረቀት ለኩሰው ጠርሙሱ ውስጥ ይጥሉና እንቁላሉን አፉ ላይ ያስቀምጡታል። እሳቱ ሲጠፋ የውስጡ አየር ቀዝቅዞ ይኰማተራል፣ የውጭው አየር እንቁላሉን ገፍቶ ያስገባዋል። መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው ያስቸገረው። ስለ ባሏ ከሆነ፣ ጠርሙስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የትነበርሽ ደስታዋን አትችለውም ነበር። የት እንዳለ ታውቅ ነበራ።

ባልየው ባምላክ ይባላል፤ የሳይንስ መምህር ነው። “ነበር” ሊል የጀመረ ሰው በየትነበርሽ ፊት ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሳትም፤ መቀሷን ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጥበት ድምፅ ብቻውን ያስቆመዋል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት “ቤተ ሙከራ” ተብሎ የተጻፈበት በር አለው፤ በሩ ሲከፈት ግን ያለው እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። ስለዚህ የባምላክ ቤተ ሙከራ የሚስቱ ማድ ቤት ሆነ። ሲጋቡ አንድ ደርዘን ብርጭቆ ነበራት፤ ልጃቸው ልዕልት ስትወለድ ለጠያቂ ሻይ የቀረበው በሦስት ብርጭቆና በጣሳ ነው። አቼቶው ሰላጣ ሳያይ ያልቃል። ሎሚው ተማሪ ቤት ሄዶ ይቀራል። አንድ ቀን በደጇ የተከለችውን ጽጌረዳ መላጣ ሆኖ አግኝታ ልትሰድበው ስትገባ፣ አበባውን በፈላ ውኃ ዘፍዝፎ በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ጠበቃት። በአንዱ ሎሚ ጨመቀበት፤ ደም መሰለ። በሌላው ከምድጃዋ የዘገነውን አመድ በጥብጦ ያጠለለውን ውኃ ጠብ አደረገበት፤ አረንጓዴ ሆነ። ስድቡ አፏ ውስጥ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ሲወስድ የምትጠይቀው መቼ እንደሚመልስ አይደለም፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ነው።

የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ገጹን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ግምት፣ የታየው፣ ለምን። አንድ ጊዜ ጧፍ ለኩሶ በብርጭቆ ሲደፋበት፣ እሷ መጥፋቱ አይቀርም ብላ ቀድማ “የታየው” በሚለው ሥር “ጠፋ” ብላ ጻፈች። ጧፉ ገና ይነድ ነበር። ባምላክ ላጲስ አንሥቶ አጠፋውና፣

“ገና አላየሽም እኮ የትኔ” አላት። “ያላዩትን መገመት እንጂ መጻፍ የለም።”

ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በጥቅምት፣ እናቱ ታመሙ ተብሎ ወደ ዛሪማ ተነሣ። ደባርቅ ደርሼ ሻይ እየጠጣሁ ነው ብሎ ደወለ፤ ብርጭቆው ስንጥቅ ነው፣ አንቺ ብታዪው ትጥይው ነበር አለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ወራት ቆይቶ የአገሩ ስልክ ሲመለስ የእሱ አልተመለሰም። እናቱ ልጃቸው በራቸው ሳይደርስ ዳኑ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት በበኩሉ ሳምንት ይከፈታል፣ ወር ይዘጋል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አጥር ሥር ሲርመሰመሱ ያየችው የትነበርሽ አንድ ቅዳሜ ጠራቻቸውና የባምላክን ደብተር ከፈተች። መጀመሪያ ሦስት መጡ። ጠርሙስ አፍ ላይ የታሰረ ፊኛ በአቼቶና በሶዳ ብቻውን ሲነፋ ካዩ በኋላ ግን ቤቱ አልበቃቸውም። እሷም እንደ እሱ ሁሉንም ግምታቸውን ታስጽፋለች፤ ሳያዩ የጻፉትን ታስጠፋለች። ደብተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሠርታ ሳትጨርስ እሱ እንደሚመጣ፣ መጥቶም የተሳሳተችውን እንደሚያርም ለራሷ ነግራታለች። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሷን ሦስት ዓምድ አስምራለች። በግምቱ ሥር “ይመጣል” ይላል። ቀሪው ባዶ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዉ ይጠይቃት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጡት ልጆች የአንዷ፣ የሚስጥር፣ አያት የሆኑት አያ ካሣዬ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ከአጥር ውጭ ቆመው “ምነው፣ እስካሁን ምንም አልሰማሽም?” ይሏታል። ሰልችቷት ነበር። ከፋሲካ በኋላ መጠየቃቸውን ተዉ። እሷም መጀመሪያ ዕረፍት መሰላት።

በግንቦት የባምላክ ወንድም ሰውአገኝ ከዛሪማ መጣ፤ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከዚያ ቤት የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጢሙን አሳድጓል። ስለ ጢሙ ስትጠይቀው ምላጭ ጠፍቶ ነው አለ። ስለ ወንድሙ ስትጠይቀው እየተፈለገ ነው አለና ስለ ዘንድሮ ማሽላ ብዙ አወራ። ሰውአገኝ በኑሮው ስለ ማሽላ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። የቀረበለትን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ከቤቷ ወጥቶም በቀጥታ ወደ አያ ካሣዬ ቤት ሲታጠፍ በመስኮት አየችው።

ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ተለወጠች። ወሬ አቆመች፤ ብርቱካን ወሬ ስታቆም ደግሞ ዝናብ ወደ ላይ ከመዝነብ አይተናነስም። እንቁላሉንም ጠርሙሱንም ማንሣት ተወች። ይልቅ ጠዋት ጠዋት ሽሮም ይሁን ጎመን ይዛ ትመጣለች፣ የትነበርሽን ዓይን ሳታይ አስቀምጣ ትወጣለች። ሲስቁ የነበሩ ሴቶች እሷ ስትደርስ ሳቃቸውን ያቆማሉ፤ ቆይተው ደግሞ እንደ ምንም ብለው ይስቃሉ።

የትነበርሽ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ታውቀዋለች ምክንያቱም ራሷ ሠርታዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤታቸው የታከለ እናት አገር ቤት ሲሞቱ፣ ሰውየው ደም ግፊት አለበት ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ አራት ወር ደበቀው። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ በስልክ አይወረወርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጾምና በዓል ይታለፋል፣ ከዚያ ማለዳ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ይኖራል። የትነበርሽ ከሁሉም ጎበዝ ነበረች። ታከለ እናቴ ይህን ጋቢ ይወዱት ይሆን ብሎ ሲያሳያት፣ እሷ ጠርዙን በእጇ ዳሳ “ሸጋ ነው፣ ይወዱታል” አለችው። ጠርዙንም ራሷ ቀመቀመችለት።

አሁን ያች ቅምቅማት ትዝ ትላታለች። የልዕልት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጅቱ ጎንደር ፒያሳ አክስቷ ዘንድ ሆና ታጠናለች። መርዶ የሚያቆይ ምክንያት ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ይህም ግምት ነው። ጢም ምላጭ ሲጠፋም ያድጋል። ሰው ስለ ማሽላ ሊያወራ ይችላል። ማንንም “ባሌ ሞቷል?” ብላ አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም የሚዋሹላትን ታውቃለች፤ ለታከለ የዋሸችውን ነው የሚመልሱላት።

የማወቂያው መንገድ ሳታስበው ተገኘ። አንድ ቅዳሜ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ በደጇ ተሰብስበው ሳሉ፣ የእህቷ ልጅ በሰላም ተገላግላ ወንድ መውለዷን በስልክ ሰማችና ነገረቻቸው። እልልታው ቀለጠ። ብርቱካን እጇ ላይ ጀሪካን ይዛ፣ ጀሪካኑን ሳታወርድ ነው እልል ያለችው። አያ ካሣዬ ኮፍያቸውን አንሥተው ፈጣሪን አመሰገኑ። የትነበርሽም አብራ እልል እያለች፣ በመካከሉ ድምፅዋ ቀጥ አለ። አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን እንዳለ ተው፤ ይህም በባምላክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። ያው ቀን፣ ያው ደጅ፣ ያው ሰው። የሚለወጠው የምሥራቹ ብቻ።

ባምላክ አልደወለም። የሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ስታወጣ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ደወለ ብትላቸው ግን ምን ይሆናሉ? ያልሰማ ሰው እልል ይላል። የሰማ ሰው አይችልም፤ ለቅሶውን ሸሽጎ የተቀመጠ ጉሮሮ ሽሮ ማምጣት ይችላል፣ ስለ ማሽላ ማውራት ይችላል፣ እልል ማለት ግን አይችልም። እሷ እንኳ በዚያ ሁሉ ጉብዝናዋ ለታከለ እናት ዕድሜ እልል በይ ብትባል አትችልም ነበር። እርሳሱን ይዛ ብዙ ቆየችና በግምቱ ሥር “እልል ይላሉ” ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጧፉን ሠሩ። በሳህን መካከል በሊጥ ተከለችው፣ ዙሪያውን በጽጌረዳ ቀይ ያደረገችውን ውኃ አፈሰሰችበት፣ ለኮሰችው። ልጆቹ ግምታቸውን ጻፉ። ሚስጥር ብርጭቆውን ደፋችበት። እናቶቹም ስለ ደረሱ በሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ፤ አያ ካሣዬም ከኋላ በከዘራቸው ተደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ። ነበልባሉ አነሰ፣ አጠረ፣ ጠፋ። ቀዩ ውኃ በብርጭቆው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ብርቱካንም አብራ አጨበጨበች፤ ይቺ ሴት አንድ ቀን እኛንም ጠርሙስ ውስጥ ትከተናለች ብላ ሁሉንም አሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እውነተኛ ሳቅ ነበር።

የትነበርሽ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“ትናንት ባምላክ ደወለልኝ” አለች። “ደኅና ነው። እየመጣ ነው።”

ብርቱካን ለማጨብጨብ ያነሣቻቸው እጆቿ ደረቷ ላይ ቀሩ። አንዷ እናት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች፣ ሌላዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። አያ ካሣዬ መሬት መሬት አዩ። ሚስጥር ብቻ፣ ደስ ብሏት፣ ከአንዱ ትልቅ ሰው ፊት ወደ ሌላው እያየች እልልታውን እስኪጀምሩ ጠበቀች።

የትነበርሽ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ቸኩላ አልጻፈችም። ደብተሩን አንሥታ፣ እርሳሱን “የታየው” በሚለው ሥር አደረገች።

“ምነው” አለች፣ “አንዳችሁ እንኳ እልል አትሉም?”