ዳሩ የጠቆረ እንቁላል

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ቅናተኛ ነው። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ ደጋግሜም ነግሬዋለሁ፣ እንዲያውም አንድ ቀን መቀሱን አንስቶብኛል። ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር አይቷት ቢሆን ኖሮ እሺ፣ ሰው ነው፣ ይቀናል እንል ነበር። እሱ ግን የሚቀናው በእንቁላል ነው።

የእኔ ቁልፍ መቅረጫና የእሱ ልብስ ስፌት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከፊት ለፊታችን፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሚስቱ ኪዮስክ አለ። አንድ መስኮት፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት መጥበሻ። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ጠብሳ በዳቦ ትሸጣለች፤ ሌላ ነገር የላትም። ሰዉ ግን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። ማዶ ጥጉ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ካፌ ተከፍቶ፣ ቁርስም ምሳም ያልሆነ ነገር በትልልቅ ሳህን ማቅረብ ሲጀምር አለቀላት ብለን ነበር። ምንም አልሆነችም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ሴትዮዋ አትረሳም። አንድ ጊዜ የበላ ሰው ሁለተኛ ሲመጣ ምን ዓይነት እንደሚወድ መናገር አያስፈልገውም። ስም ግን አትይዝም፤ ሰውን የምትጠራው በአበላሉ ነው። መምህሩ "ያለ ሽንኩርት" ነው። የጭነት መኪና ሹፌሩ "ድርብ"። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅ "ለስላሳ"። እኔ ደም ግፊት ስላለብኝ "ያለ ጨው" ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ተብዬ ስጠራ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ገና መንገዱን ሳልሻገር "ያለ ጨው መጡ!" ትልና መጥበሻውን ትጥዳለች።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆኖ ያያል።

"አዩዋት?" ይለኛል። "ለመምህሩ ስትሰጠው እንዴት ፈገግ እንዳለች አዩልኝ?"

"ለእኔም እኮ ፈገግ ትላለች።"

"አውቃለሁ" ይላል፣ ጥርሱን ነክሶ።

እሱ ራሱ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ወገብ በሴንቲ ሜትር በቃሉ ይዟል። ማን ወፈረች፣ ማን ከሳች፣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ በዚህ አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏት አያውቅም። መቀሱን ያነሳብኝ ይህን የነገርኩት ዕለት ነው።

አንድ ቀን ግን የልቡን አወጣው። ሥራ ቀዝቅዞ ነበር፤ የሱሪ ጠርዝ እየተረተረ ነበር የምናወራው።

"ጋሼ፣ እኔ ቤት ምን እንደምበላ ያውቃሉ? ከሰል!"

ሚስቱ ኪዮስኩን ከመክፈቷ በፊት በየማለዳው ቤት ቁርሱን ትሠራለታለች። እንቁላሉ ግን ሁልጊዜ ዙሪያውን ጠቁሮ፣ ዳሩ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ነው የሚቀርብለት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እጇ ለእንቁላል አይሆንም ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ ቃል ሳይተነፍስ በልቷል። ከሦስት ዓመት በፊት ኪዮስኩን ልትከፍት ስትነሳ እንዲያውም አፍሮላት ነበር፤ ማን ይገዛታል ብሎ። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሞ ቢያይ፣ ዳቦው ውስጥ የሚገባው እንቁላል ወርቅ የመሰለ ነው። ለመንገደኛው ሁሉ ወርቅ፣ ለባል ከሰል።

"ትችላለች ማለት ነው" አለኝ፣ ሱሪውን ጥሎ። "ትችላለች፤ ለእኔ ሲሆን ግን አትደክምም።"

ሱሪውን ከመሬት አንስቼ ሰጠሁት።

ከዚያ ደግሞ ብልሃት ያገኘ መሰለው። እስቲ ሌላ ሰው ያብስልላት፣ ብቻችንን እንቀመጥ ብሎ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ወደ መስታወቱ ካፌ ወሰዳት። ለዚያ ቀን ብሎ የሰፋውን ሸሚዝ ለብሷል። እንደነገረኝ ከሆነ፣ ገና ወንበር ስበው ሳይቀመጡ መምህሩ ከጎን ጠረጴዛ ብድግ አለና "እንደምን አደርሽ! ያለ ሽንኩርት ነኝ!" አላት። እሷም ከልቧ ሳቀች። አስተናጋጁ ያመጣላቸውን እንቁላል በሹካ ገልበጥ አድርጋ ሥሩን አየችና፣ "የመምህሩንስ ሽንኩርት አውጥተውለት ይሆን?" አለች። ልብስ ሰፊው ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ሰኞ ጠዋት ቁርጡን ነገረኝ። ኪዮስኩ ይዘጋል፤ እሷም እሱ ጋ ገብታ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

"ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ትቀየምሃለች" አልኩት። "ያ ኪዮስክ እኮ ሕይወቷ ነው።"

"እኔስ ምኗ ነኝ?" አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሆኜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ከኋላዬ ቆመ። ሰው ፊት ሊያዋርዳት ነው ብዬ ደነገጥኩ። የእኔን ሰጥታኝ ቀና ስትል አየችው።

"ምነው? የቤቱን ቁልፍ ረሳህ?"

"እንቁላል ልበላ ነው።"

"አሁን ቤት በልተህ አልወጣህም እንዴ?"

"እሱን እንቁላል ትይዋለሽ?"

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየው። እሷ መጥበሻ ጣደች። ቀጥሎ የሆነውን አጠገቧ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቱን ከፍ አደረገች፣ እንቁላሉን አፈሰሰች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ዳር ዳሩን እያየች ጠበቀች። መሃሉ ሊደርቅ ሲል እሳቱን ቀነሰች፤ መልሳ ከፍ አደረገች። ዳሩ እኩል እስኪጠቁር መጥበሻውን ቀስ እያለች አዞረች። ለእኛ ያን ያህል ተጨንቃ አታውቅም። የዘነጋ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ዳቦ ውስጥ አድርጋ ሰጠችው። እሱ ዳቦውን ከፈት አድርጎ ለሰልፉ አሳየ።

"እዩልኝ እስቲ! ለመምህሩ እንዲህ አድርገሽ ትሰጪዋለሽ?"

"መምህሩ እንዲህ አይወድማ!"

"እኔስ እወዳለሁ ያለሽ ማን ነው?"

"አንተ! አንተ ራስህ!"

እሷ እዚያው እንደተረከችው፣ ነገሩ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። አንድ ቁርስ ቤት ተቀጥራ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ እንቁላሉ አረረባት። ባለቤቲቱ ሳህኑን ይዛ እየጮኸች ወጥታ እዚያው ልታባርራት ስትል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ፣ "አይቆጧት፣ እንዲህ አድርጊልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ዳሩ ካልጠቆረ አይጥመኝም" አለ። ፍርፋሪ ሳያስቀር በላው። በማግስቱም መጣ፤ አሁን ሆን ብላ አሳረረችለት፤ በላው። ሁለት ወር እንዲህ ተመላለሰና አገባት።

"እንዳትባረሪ ብዬ እኮ ነው!" አለ ልብስ ሰፊው። "የገባሽ መስሎኝ!"

"በማግስቱስ?"

"አንቺን ለማየት ነዋ።"

"አሥራ ስምንት ዓመትስ?"

"ድርብ" ከኋላ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጠዋት ጠዋት ከመጥበሻው አጠገብ አልነቃነቅም እኮ" አለች። "መሃሉ እንዳይደርቅብህ ብዬ። ለማንም እንደዚያ ደክሜ አላውቅም።"

እኔ ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያን ሰዓት በዚያ ሰውዬ ላይ እንዴት እንደቀናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ያለ ጨው የሆነውን እንቁላሌን ይዤ፣ እጄን አንስቼ በጥፊ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ።

እሷ ዳቦውን ከእጁ ተቀብላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። መጥበሻውን በጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አዲስ ደንበኛ እንደምትጠይቀው፣ "ሽንኩርት ትወዳለህ?" አለችው። "ጨውስ?"

"እንደ ሰዉ አድርጊልኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ወርቅ የመሰለ አድርጋ ሰጠችው፤ እዚያው ቆሞ በላው። የባሰው ደግሞ መጣፈጡ ነው፤ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ኪዮስኩን ዝጊ የሚለው ነገር ከአፉ ሳይወጣ ቀረ። አሁን ቤት ቁርስ አይሠራለትም፤ እንደማንኛችንም ተሰልፎ ይበላል። እሷም አልጮኸችበትም፣ አላኮረፈችም፤ ለመምህሩ እንደምታደርገው ፈገግ ትልለታለች። ግን በየቀኑ "ዛሬ እንዴት ላድርግልህ?" ትለዋለች። እኛን ጠይቃን አታውቅም፤ የሁላችንን ታውቃለች። ከሰልፉ ሁሉ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከኋላው ቆሜ ነበር። ተራው ሲደርስ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ፣ እንዳልሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ያንን... ዳሩ የጠቆረውን" አላት።

ቀና ብላ አየችው።

"እሱን የምሠራው ለሚወደው ሰው ነበር" አለችው። "ሽንኩርት ይግባበት?"