አምስት ሳንቲ ሜትር ፍለጋ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሙምባይ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተሳፈርነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ለሰው አምስት ብር ያስከፍል ነበር። ለልጄ ለሀያት በግማሽ ተወኝ ብዬ ብለምነው ረዳቱ፣ "እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ከእኔ ትረዝማለች!" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ሀያት ግን አልሳቀችም። ግራ እግሯን ከመቀመጫው ሥር ሰበሰበች።

የምንሄደው ለዚያ እግር ነው። ሀያት በሰባት ዓመቷ አጥንቷ መግል ይዞ ብዙ ታመመች። አልሀምዱሊላህ ዳነች፤ የግራ ቅልጥሟ ግን ከዚያ ወዲያ ከቀኙ እኩል ማደግ ተወ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስትራመድ አንዴ ዘንበል አንዴ ቀና ስለምትል በትምህርት ቤት "ሚዛን" ይሏታል። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተብን ቆይቷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ልኬት መጻፍ አይከብደኝም። በየዒዱ የልጄን ሁለት እግር በሜትር እለካና የደንበኞቼን ልክ በምይዝበት ደብተር አሰፍራለሁ። ይህን የጉዞ ማስታወሻም የጻፍኩት በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ቀሚሷን ስቆርጥ የግራውን ጫፍ ሦስት ጣት አሳጥረዋለሁ። አለዚያ መሬት ይጠርጋል።

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ብርዱ ተቀበለን። ደሴ ሆስፒታል ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የአጥንት ሐኪሙ ራጅ አስነሳት፣ በማስመሪያ ለካና "ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ" አለኝ።

ደብተሬን ገልጬ አሳየሁት። "እኔም አምስት ነው የጻፍኩት፣ ዶክተር።"

"በምን ለኩት?"

"በልብስ ሜትር።"

"ታዲያ ራጁን ለምን አስነሳን!" ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ከደሴ ስወርድ ምን ያህል እንደኮራሁ አልደብቅም።

ሐኪሙ ያስረዳን ይህን ነው። ሕንድ አገር አጥንቱን ይቆርጡና በእግሩ ዙሪያ የብረት ቀለበት ያስራሉ። ከዚያ ብሎኑ በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ሲዞር የተቆረጠው አጥንት ይራራቃል፤ በመሐሉ አዲስ አጥንት ይበቅላል። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። እሱ ራሱ በፋክስ ጽፎላቸው መልሱ በወሩ መጣ። ሆስፒታሉ፣ አውሮፕላኑና መቆያው አንድ ላይ ሃምሳ ሺህ ብር ገደማ ይፈልጋል፤ የሕክምናው ክፍያ ደግሞ አስቀድሞ መግባት አለበት።

ኮምቦልቻ፣ ቅሬው ፊት

ከመንገድ ዳር የነበረችውን፣ የምሰፋባትን ክፍል ሸጥኩ። የስፌት መኪናዬን ወደ መኝታ ቤት አስገባሁ። የዓመታት እቁቤም ተጨመረ። ወንድሜ ይመር ከቢስቲማ አንዱን በሬውን ሸጦ ብሩን በሽርጡ ቋጥሮ መጣ።

"በአንድ በሬ እንዴት ልታርስ ነው?" አልኩት።

"ከጎረቤት ጋር እቀናጃለሁ። አንቺ ብቻ ልጅቷን ባለ ሁለት እግር አድርጊያት።"

እንደዚያም ሆኖ አራት ሺህ ብር ጎደለ። ሌላ የምሸጠው ስላልነበረኝ ቅሬው ሲሰበሰብ ሄድኩ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የሰፈራችን እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ተገኘ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዘሀራ፣ የቅሬ ብር ለሬሳ ነው። ለጉዞ አውጥተን አናውቅም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። የምጠይቀው የራሴን የቀብር ድርሻ ነው። አሁን ስጡኝ፣ ስሞት አትስጡኝ።"

ቤቱ ተንጫጫ። አንዱ፣ "ስትሞቺስ በምን ልንቀብርሽ?" አለኝ።

"ልብስ ሰፊ አይደለሁም እንዴ? የምገነዝበትን ከፈን ራሴ ቆርጬ አስቀምጣለሁ።"

ጎረቤቴ እማማ ብርቄ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። "የእኔንም ስጧት! ቆማ ለምትሄድ ልጅ መስጠት እያለ ለእኔ ሬሳ ምን ያጣድፋችኋል? እስካሁን ያልሞትኩትም ለዚሁ ይሆናል" አሉ። ከኋላ ሌላዋ ሴት "የእኔንም!" አለች፤ ሌላዋም ቀጠለች። አሥራ አንድ ሴቶች ድርሻቸውን ሰጡ። የጎደለውን ወንዶቹ አዋጥተው ሞሉት።

ጋሽ ተገኘ መዝገቡን ዘግተው፣ "ይሁን። ግን የገንዘብ ሳጥኑ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ማንኛችሁም እንዳትሞቱ! ሰምታችኋል?" ሲሉ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዱአ ተደርጎ ተበተንን። እኔ ግን ሌሊቱን በሐሳብ አደርኩ። የአሥራ ሁለት ሰው ቀብር በቦርሳዬ ይዤ፣ የማላውቀው አገር ሄጄ ባበላሸውስ?

ወደ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ ሲነሣ ገና አልነጋም። ብሩን በውስጥ ቀሚሴ ላይ ኪስ ሰፍቼ በሦስት ቦታ ከፍዬ ይዤዋለሁ። ሐርቡን አልፈን ከሚሴ ላይ ሻይ ጠጣን። ሸዋሮቢት ምሳ ወረድን፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። ለሀያት ፓፓያ ገዛሁላት። አንዲት ተሳፋሪ እግሯን አይታ "ምን ሆና ነው፣ እህቴ?" አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሀያት ራሷ፣ "ላስረዝመው እየሄድኩ ነው" አለቻት፤ ጫማ ልትገዛ የምትሄድ ነው የምትመስለው። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ጉም ውስጥ ገባን። ማታ አዲስ አበባ ደረስን።

አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ቆየን። የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ሁሉም በየተራ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስሄድ የሚሉኝን በደብተሬ እጽፍና መልሼ አነብላቸው ነበር። የባንክ ጸሐፊዋ፣ "እናቴ፣ የሚጽፉት ለምንድን ነው?" ብትለኝ፣ "ነገ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ያልሽውን እንዳሳየው ነው" አልኳት። አልተቀየመችም። ብሩ በስማችን ሲተላለፍ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልዬ በቁርአኔ መሐል አስቀመጥኩት።

ሙምባይ

ከአውሮፕላን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ባጃጁ እንደ ንብ ነው። ምስራቸው ከእኛ ምስር ብዙም አይለይም፤ ሩዝ ላይ ያፈሱታል። እዚያ የሚማር ዳዊት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ በትርፍ ጊዜው ለአገሩ ሰው ያስተረጉም ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ሲቸግረን አልተለየንም።

ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ሀያት ስትወጣ እግሯ ዙሪያውን በብረት ታስሯል። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ነቅታ ስታየው፣ "እማዬ፣ የብስክሌት ጎማ ይመስላል" አለች።

በሳምንቱ ሽበታሙ ሐኪም ትንሽ ቁልፍ ሰጠኝ። ብሎኑን በቀን አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ዙር። አዟዟሩን አሳየኝ፣ እኔም አሳየሁት፤ "ጎበዝ እጅ" አለ ብሎ ዳዊት ነገረኝ። ሰዓቱ እንዳይሳሳትብኝ ከሰላት ጋር አያያዝኩት። በዙህር፣ በአስር፣ በመግሪብ፣ በኢሻ። ባዞርኩ ቁጥር ደብተሬ ላይ አንድ ሰረዝ አደርጋለሁ።

ከሆስፒታል ወጥተን የተከራየነው ክፍል ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ቋንቋ ባንግባባም አንድ ቀን ሸሚዝ አንሥቼ የቁልፍ ቀዳዳ ሠርቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየው፣ ወስዶ ለሚስቱ አሳያት፣ ከዚያ አሥር ሸሚዝ ቆጥሮ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግባችንን የቻለችው መርፌዬ ናት። የኮምቦልቻ እጅ ሙምባይ ላይ ዳቦ እንደሚያበላ ያየሁት ያኔ ነው።

የሱብሂው ዙር

አሁን የምጽፈውን ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ እናት እንዳትሳሳት ልጻፈው።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ ትርፍ ይተዋል። ጨርቁ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ልኩን ብቻ የቆረጠ ሰው ይጸጸታል። እኔም ብረቱ ሲወልቅ አጥንቱ ቢሰበሰብስ ብዬ ሰጋሁ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ የሰው ቀብር በልተን፣ አንድ ጣት ቢጎድልስ? ሰላትም አምስት ነው፤ የንጋቷ ሱብሂ ብቻዋን ባዶ ቀርታለች። ስለዚህ ሀያት ተኝታ ሳለች ሱብሂን ሰግጄ ሩብ ዙር መጨመር ጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ደብተሬ ላይም አልሰረዝኩትም።

በአሥረኛው ቀን ሀያት፣ "እማዬ፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል" አለችኝ። በማግሥቱ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ማንሣት አቃታት። ይዣት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

ሐኪሙ ራጁን አየ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ። ለዳዊት አንድ ነገር አለው። ዳዊት አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ ከቁጥሩ በልጧል ነው የሚለው። ብሎኑ ተበላሽቶ ይሆን፣ ወይስ የጨመሩት ነገር አለ?"

ብሎኑ ነው ማለት እችል ነበር። ደብተሬም ይመሰክርልኛል። ግን ቁጥሩን ካላወቀ እንዴት ያክማታል? "ጨምሬያለሁ" አልኩ። "ሱብሂ ላይ። ትርፍ ይኑረው ብዬ ነው።"

ዳዊት ሲያስረዳው ሐኪሙ አልጮኸም። የተቆጣችው ሀያት ናት።

"ትርፍ? እግሬ ቀሚስ ነው እንዴ፣ እማዬ?"

"ስለፈራሁ ነው፣ ልጄ።"

"እኔም እፈራለሁ! ግን ሐኪሙ አራት ካለ አራት ነው!"

ሐኪሙ፣ ሥጋና ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ቀስ ብሎ ካልተሳበ እንደሚጎዳ ነገረን። ዙሩ ለሦስት ቀን እንዲቆም አዘዘ፤ ጣቷ ካልተነሣ ሁሉም ሊቋረጥ እንደሚችልም አልደበቀንም። ሀያት እጇን ዘረጋችልኝ። ቁልፉን ሰጠኋት። በክር አሥራ አንገቷ ላይ አደረገችው።

እነዚያ ሦስት ቀናት ሙምባይ ከቆየንበት ሰባት ወር ሁሉ ይረዝማሉ። መርፌ አልያዝኩም። ጣቷን እያየሁ ዱአ አደርጋለሁ። አንደኛው ቀን ምንም የለም። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ለአስር ሰላት ውዱእ አድርጌ ስመለስ፣ "አብሽሪ እማዬ፣ ነይ እዪ" አለችኝ። አውራ ጣቷ ትንሽ፣ እንደ ጥቅሻ ያህል፣ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ያዞረችው እሷ ናት። ሰረዙንም ራሷ ጻፈች። እኔ ሰዓቱ ሲደርስ እንኳ አላስታወስኳትም፤ አንድም ቀን አልሳተችም። ሐኪሙ አምስት ሳንቲ ሜትር ሞላ ሲል የሱብሂዎቹን ዙሮች ጨምራ ደብተሬ ላይ የጻፈችው ሰረዝና የእሱ ራጅ አንድ ሆኑ። ብረቱ እንዳለ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ወራት ጠበቅን። ሲወልቅም አንዲት ክር ያህል አልተሰበሰበም።

ወደ ቤት

ኮምቦልቻ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ይመር ከቢስቲማ መጥቶ መናኸሪያው ላይ ይጠብቀናል። ሀያት ከአውቶቡሱ ስትወርድ የምትደገፍበትን ዱላ ነጥቄ ልደግፋት ስል፣ "ተያት!" ብሎ ያዘኝ። ብቻዋን ወረደች። በቀኟ ረገጠች፣ በግራዋ ረገጠች። ይመር ፊቱን አዙሮ በሽርጡ ጠረገው።

በእሑዱ የቅሬው ሰው ቤታችን ተሰበሰበ። ሀያት ሳትነግረኝ ከልብስ ሳጥኑ አሮጌውን የዒድ ቀሚሷን አውጥታ ለብሳ መጣች። ጋሽ ተገኘ፣ "እስኪ፣ ወዲያ ሂጂና ተመለሽ" አሏት። ከበሩ እስከ ጓሮው ሄደች፣ ተመለሰች። የአሥራ ሁለት ሰው ቀብር በፊታችን ይሄዳል።

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን አጥብበው የቀሚሷን ጫፍ ሲያዩ ቆዩና፣ "ኧረ ዘሀራ!" አሉ። "ልጅቷ ቀንታለች፤ ቀሚሷ ነው የሚያነክሰው!"

አየሁት። ያን የግራ ጫፍ ሦስት ጣት ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ትከሻዋ እኩል፣ ወገቧ እኩል፣ ቀሚሱ ብቻ ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥሏል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ሀያትም ወገቧን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ተገኘ፣ "በሉ፣ አሁንም ሳጥኑ አልሞላም፤ በሳቅ እንዳትሞቱ!" አሉ።

እንግዶቹ እንደሄዱ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሌላ ሰው ያወጣው ልክም ልክ ሊሆን እንደሚችል ነው። ለአዲሱ ቀሚስ ሀያት ራሷ ሜትሩን ይዛ ግራውን ለካች፣ ቀኙን ለካች፣ ቁጥሩን ጠራችልኝ። አንድ ቁጥር ነው። አንዴ ጻፍኩትና መቀሴን አነሣሁ።